የካላ አዛር ሕክምና ምርምር በጎንደር ሆስፒታል

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በምሥራቅ አፍሪካ የካላ አዛር መድኃኒቶች ከተፈተኑባቸውና ከተመዘኑባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ነው። ሆስፒታሉ ከአርባ ምንጭ ሆስፒታልና ከጎረቤት አገሮች የሕክምና ጣቢያዎች ጋር ሆኖ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያካሄዳቸው ክሊኒካዊ ሙከራዎች፣ የበሽታውን ሕክምና ከ30 ቀን መርፌ ወደ 17 ቀን፣ ቀጥሎም ወደ 14 ቀን አውርደውታል። ሙከራዎቹ ከዚህም የሚሰፋ ቁም ነገር አረጋግጠዋል። በሌላ አገር ሕመምተኛ ላይ የሠራ መድኃኒት እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ የመድኃኒት ማስረጃ በሽታው ባለበት አገር፣ በሽታው በያዘው ሰው ዘንድ መፈለግ አለበት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታውና መልክዓ ምድሩ

ካላ አዛርን የሚያመጣው ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ተውሳኩን ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ፣ ድምፅ የማታሰማ፣ በሌሊት የምትናከስ ሴቴ የአሸዋ ዝንብ ናት። ተውሳኩ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ውስጥ ይራባል። ሕመምተኛው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የማይለቅ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ይነፋዋል። የሰውነት መከላከያው ስለሚደክም የሳንባ ምች፣ ሳንባ ነቀርሳና ተቅማጥ በላዩ ላይ ይደረቡበታል። ሕክምና ያላገኘ ሰው ከሞት እምብዛም አይተርፍም።

ተውሳኩ ለሳይንስ የታወቀው በ1903 ነው። ስኮትላንዳዊው የጦር ሐኪም ዊልያም ሌይሽማን ከሕንድ በተመለሰ ወታደር ጣፊያ ውስጥ፣ ቻርልስ ዶኖቫን ደግሞ በማድራስ ሕመምተኞች ላይ አግኝተውት በሁለቱም ስም ተጠራ። በኢትዮጵያ ካላ አዛር ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1942 በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ነው። በደቡቡ ክፍል በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በኩይሳ ውስጥ ትጠለላለች። በሰሜን ምዕራብ ያለችው፣ ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የምትባለው ዝርያ ግን የምትኖረው በግራር ደን ሥር፣ በበጋ በሚሰነጣጠቅ ዋልካ አፈር ውስጥ ነው። መተማ፣ ሁመራና አብደራፊ እንዲህ ያለ አፈርና ዛፍ የሞላባቸው ቆላዎች ናቸው።

እነዚህ ቆላዎች የሰሊጥና የጥጥ አገርም ናቸው። ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች በአካባቢው ሲስፋፉ ለአረምና ለአጨዳ የሚፈለገው ጉልበት ከደጋውና ከወይና ደጋው መምጣት ጀመረ። መሬቱ የጠበበው ገበሬና ወጣት ልጁ የራሳቸውን እርሻ ሥራ ጨርሰው ወደ ቆላ ይወርዳሉ፤ ቀን ሰሊጥ ያርማሉ ወይም ያጭዳሉ፣ ሌሊት ሜዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ከግራር ሥር ያድራሉ። የአሸዋ ዝንቧ የምትናከሰው በዚያው ሰዓትና በዚያው ቦታ ነው። የቆላው ነዋሪ ለበሽታው በተወሰነ ደረጃ የተለማመደ አካል ሲኖረው የደጋው ሰው ግን ከዚያ በፊት ተውሳኩን አያውቀውም። በ1970ዎቹ በመተማና በሁመራ የሚሠሩ ወቅታዊ ሠራተኞች በብዛት በበሽታው መያዛቸው ታወቀ፤ ስለ እነዚሁ ሠራተኞች የተደረገ ጥናትም በ1978 በአንድ የሐሩር ክልል ሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ካላ አዛር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንጀራ ፍለጋ በሽታ ሆኖ ቆይቷል።

ከሕዝብ ጤና ኮሌጅ እስከ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል

በጎንደር የሕክምና ትምህርትና ምርምር የተጀመረው በካላ አዛር ሳይሆን በወባ ምክንያት ነው። በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። በአካባቢው ይህን የሚቋቋም የሠለጠነ የጤና ባለሙያ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ባገኘው እገዛ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን በአንድ ግቢ ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ ተመርቀው በገጠር ጤና ጣቢያ እንደ አንድ ቡድን እንዲሠሩ ታስቦ ነው።

የሥልጠናው አካሄድ ለኋላው ምርምር መሠረት ጥሏል። ተማሪዎች በክፍል ከሚማሩት በተጨማሪ ወደ ገጠር ወርደው ቤት ይቆጥሩ፣ ውኃ ይመረምሩ፣ ሕመምን በየቀበሌው ይመዘግቡ ነበር። በ1958 ወባ እንደገና በአገሪቱ ከፍተኛ ቦታዎች ሲዛመት ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150 ሺህ ያህል ሰው ሞተ ተብሎ ተገመተ። ይህን ግምት ያወጡት ባለሙያዎች ያደረጉት ጥናት በ1961 ታትሞ በአፍሪካ የደጋ ወባ ታሪክ ውስጥ ዋነኛ ምንጭ ሆኗል። በጎንደር ለሚማሩት ደግሞ በሽታን ለማስቆም አስቀድሞ መቁጠርና መመዝገብ እንደሚያስፈልግ በተግባር ያሳየ ዘመን ነበር።

በ1978 ጎንደር ላይ የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ። ፋኩልቲው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በምሥራቅ ጀርመን ላይፕዚግ ከሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ይሠራ ስለነበር በርካታ ጀርመናውያን መምህራን በሆስፒታሉ አገልግለዋል። ኮሌጁ በ1990ዎቹ ራሱን ቻለ፤ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1996 ደግሞ በዳባት ወረዳ ነዋሪዎችን በቋሚነት እየቆጠረ ልደትን፣ ሞትንና በሽታን የሚመዘግብ የምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከቆላ የተመለሱ፣ የከሱና ጣፊያቸው ያበጠ ሰዎች በሆስፒታሉ አልጋዎች ላይ አልጠፉም። ትምህርቱ፣ ሕሙማኑና የመመዝገብ ልማዱ በአንድ ግቢ ስለተገናኙ ጎንደር ለክሊኒካዊ ሙከራ አመቺ ቦታ ሆነ።

የ30 ቀን መርፌ

ለአብዛኛው የ20ኛው መቶ ዘመን የካላ አዛር መድኃኒት አንቲሞኒ ከተባለው ማዕድን የሚሠራ መርፌ ነበር። በ1920ዎቹ ሕንዳዊው ሐኪም ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ በካልካታ ያዘጋጀው ዩሪያ ስቲባሚን በሕንድ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። በ1940ዎቹ የመጣው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ደግሞ እስከ አሁን በሥራ ላይ አለ። ሕመምተኛው በኪሎ 20 ሚሊግራም ተለክቶለት በየቀኑ ለ30 ቀን ይወጋ ነበር። መርፌው ያማል፤ የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ቆሽትን ሊያስቆጣና ኃይለኛ ትውከት ሊያመጣ ይችላል። አንድ ወር ሙሉ መተኛት ለቀን ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ፣ ብዙ ጊዜም የአጨዳ ወቅቱን በሙሉ ማጣት ማለት ነው።

የመድኃኒቱ ዋጋም ሌላ ችግር ነበር። በታወቀው የንግድ ስም የሚሸጠው ውድ ስለሆነ በሕንድ የሚመረተው ርካሽ ዓይነት አስተማማኝ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የእርዳታ ድርጅት በሁመራ ሁለቱን አወዳድሮ በ2001 ባሳተመው ጥናት እኩል እንደሚሠሩ አረጋገጠ። ያው ጥናት አንድ አሳዛኝ ነገርም ገለጠ፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው የካላ አዛር ሕሙማን በሕክምናው ላይ እያሉ የሚሞቱት ከሌሎቹ እጅግ በልጠው ነበር። በዚያው በሁመራ ተካሂዶ በ2006 የታተመው ሌላ ሙከራ በአፍ የሚዋጠውን ሚልቴፎሲን ከአንቲሞኒው መርፌ ጋር አወዳደረ። ሚልቴፎሲን ጽንስን ስለሚጎዳ ሙከራው ወንዶችን ብቻ አካተተ። ውጤቱም ኤችአይቪ ለሌለባቸው ሁለቱ መድኃኒቶች ተመጣጣኝ መሆናቸውን፣ ኤችአይቪ ላለባቸው ግን ሚልቴፎሲን አደጋው የሚያንስ ቢሆንም በሽታውን የማጥፋት አቅሙ ደካማ መሆኑን አሳየ።

የሊቦ ከምከም ወረርሽኝ

በ2005 ግንቦት ወር ካላ አዛር ከዚያ በፊት ባልተለመደበት፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለው የሊቦ ከምከም ከፍተኛ ቦታ መከሰቱ ታወቀ። በሽታው ከመለየቱ በፊት ትኩሳቱ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ብዙ ሰው ያለ ትክክለኛ ሕክምና ሞቷል። ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ተውሳኩን ይዘውት እንደመጡና በአካባቢው ያለች የአሸዋ ዝንብ እንዳዛመተችው ይታመናል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን ከተማ የሕክምና ማዕከል ከፍቶ እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ ሕሙማንን ተቀበለ። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ፤ እንደ ቆላው ሠራተኛ ሁሉም ጎልማሳ ወንዶች አልነበሩም።

ወረርሽኙ በሽታው በቆላ እርሻ ብቻ የሚወሰን አለመሆኑን አሳየ። ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ ወባ ነው ብሎ ማከም ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍልም እንዲሁ ግልጽ ሆነ። የምርመራ መሣሪያውም ጥያቄ ውስጥ ገባ። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን የአርኬ 39 ምርመራ በሕንድ ሕሙማን ላይ በሽታውን ሳይለይ የሚያልፈው በጣም ጥቂት ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ከዚያ የበለጡ ሕሙማንን ያልፋል። ስለዚህ ጥርጣሬ ያለበት ሕመምተኛ በሆስፒታል ከጣፊያው ወይም ከመቅኔው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት ነበረበት። የጣፊያ ናሙና መውሰድ ደም የማፍሰስ አደጋ ስላለው የሠለጠነ እጅና ክትትል ያለበት ክፍል ይፈልጋል። ይህን ማድረግ ከሚችሉት ጥቂት የአገሪቱ ሆስፒታሎች አንዱ ጎንደር ነው።

የምርምር ማዕከሉ መቋቋም

በ2003 ለተዘነጉ በሽታዎች መድኃኒት የሚያፈላልገው ዲኤንዲአይ የተባለ ድርጅት ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ መካከል ድንበር የለሽ ሐኪሞች፣ የፈረንሳይ ፓስተር ኢንስቲትዩትና የኬንያ የሕክምና ምርምር ኢንስቲትዩት ይገኛሉ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ፣ ሱዳን፣ ኬንያና ኡጋንዳ የተካተቱበት ሊፕ የተሰኘ የምሥራቅ አፍሪካ የሌይሽማኒያሲስ ተመራማሪዎች ኅብረት በካርቱም ተቋቋመ። የኅብረቱ ዓላማ አገሮቹ በአንድ ፕሮቶኮል፣ በአንድ መለኪያ ሙከራ አካሂደው ለመንግሥቶቻቸው የሚበቃ ማስረጃ እንዲያወጡ ነበር። ከኢትዮጵያ በኩል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ በምርምሩ መሪነት፣ የጎንደርና የአርባ ምንጭ ሆስፒታሎች በሙከራ ጣቢያነት ተሳተፉ። በሁለቱም ሆስፒታሎች የሌይሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ማዕከሉ የራሱ አልጋዎች፣ ላቦራቶሪና ለሙከራ ሥነ ሥርዓት የሠለጠኑ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ነበሩት።

ሙከራው የሚካሄደው ደረጃ በደረጃ ነው። ሕመምተኛው ተውሳኩ በናሙናው ውስጥ በማይክሮስኮፕ ከተረጋገጠ በኋላ ስለ ሙከራው በቋንቋው ይነገረዋል፤ ምን መድኃኒት እንደሚሰጠው፣ ምን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ባይስማማም የተለመደውን ሕክምና እንደሚያገኝ፣ በፈለገ ጊዜ መተው እንደሚችል ይገለጽለታል። ከተስማማ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል ከሆነ ምስክር ባለበት በጣቱ አሻራ ያጸድቃል። ለልጅ ወላጅ ይፈርማል። ይህ ሥርዓት መሠረቱን ያገኘው በ1964 ከወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ ነው። በኢትዮጵያ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት በተቋሙና በአገር አቀፍ ደረጃ ባሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች መርምሮ መጽደቅ አለበት።

ከዚያ ሕሙማኑ በዕጣ በቡድን ይደለደላሉ። ሐኪሙ ብርቱ የመሰለውን ለአዲሱ መድኃኒት፣ ደካማ የመሰለውን ለአሮጌው እንዳይመርጥ ድልድሉ በሐኪሙ እጅ አይደለም። ሕክምናው ሲያልቅ ናሙና እንደገና ይወሰዳል፤ ትክክለኛው ፍርድ ግን የሚሰጠው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ካላ አዛር የዳነ መስሎ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ በስድስተኛው ወር ምልክት የሌለበት ሰው ብቻ እንደ ዳነ ይቆጠራል። ሕመምተኞቹ ከሩቅ የሚመጡ ገበሬዎችና ቀን ሠራተኞች ስለሆኑ ይህን ቀጠሮ ማስጠበቅ ከሕክምናው ያልተናነሰ ሥራ ነው። የሙከራው አስተማማኝነት የሚለካው ከታከሙት ውስጥ ስንቶቹ ለመጨረሻው ምርመራ እንደተመለሱ በማየት ነው።

ፓሮሞማይሲን

የመጀመሪያው የሊፕ ታላቅ ሙከራ በ2004 የተጀመረው በፓሮሞማይሲን ላይ ነው። ፓሮሞማይሲን ከድሮ ጀምሮ የታወቀ አንቲባዮቲክ ሲሆን ለካላ አዛር የሚሠራ መሆኑ ቢታወቅም ኩባንያዎች ትርፍ ስላላዩበት ለዐሥርት ዓመታት ተትቶ ቆየ። በሕንድ በተካሄደ ሙከራ በኪሎ 15 ሚሊግራም ለ21 ቀን ሲሰጥ ከመቶ 94.6 የሚሆኑትን አዳነ፤ በ2006 በዚያ አገር ለዚሁ በሽታ ሕክምና ተመዘገበ። በምሥራቅ አፍሪካም ያው መጠን ያንኑ ውጤት እንደሚያመጣ ተስፋ ተደርጎ ነበር።

ውጤቱ የተለየ ሆነ። በምሥራቅ አፍሪካ ያው መጠን ያዳነው ከመቶ 63.8 ያህሉን ብቻ ነበር፤ የተለመደው የአንቲሞኒ መርፌ ግን ከመቶ 92.2 አዳነ። ልዩነቱ ከአገር አገርም ሰፊ ነበር፤ በአንድ የሱዳን ጣቢያ የዳኑት ከመቶ 14.3 ብቻ ነበሩ። በ2010 የታተመው ይህ ጥናት፣ ዋና ጸሐፊው አስራት ኃይሉ ሲሆኑ፣ በአንድ ተውሳክ ዝርያ ውስጥ ሳይቀር የመድኃኒት ምላሽ ከመልክዓ ምድር ጋር እንደሚለያይ በግልጽ ያሳየ ሥራ ነው። የተውሳኩ ጠባይ፣ የሕመምተኛው አመጋገብና መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ሁኔታ በምክንያትነት ተጠቅሰዋል።

ሙከራው አልተቋረጠም፤ አቅጣጫው ተቀየረ። መጠኑ ወደ 20 ሚሊግራም ከፍ ሲል ውጤቱ ወደ 84.3 ከመቶ ደረሰ፤ ሆኖም ለብቻው በቂ አልነበረም። በሌላ በኩል ፓሮሞማይሲንና አንቲሞኒው በአንድ ላይ ለ17 ቀን ሲሰጡ ከመቶ 91.4 ዳኑ፤ አንቲሞኒው ብቻውን ለ30 ቀን ሲሰጥ ከዳኑት 93.9 ከመቶ ጋር ተመጣጣኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2010 ይህን የ17 ቀን ጥምር ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ ቀዳሚ ሕክምና አድርገው መከሩ፤ ሙሉው ጥናት በ2012 ታተመ። አገሮቹም በየሕክምና መመሪያቸው አስገቡት። ሕመምተኛው አሥራ ሦስት የሆስፒታል ቀናት ቀነሱለት፤ ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ መሰጠቱ ተውሳኩ መድኃኒቱን እንዳይላመድም ያግዛል።

የአምቢዞም ሙከራ

ሁለተኛው ትልቅ ሙከራ በአምቢዞም ላይ ነበር። አምቢዞም አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው ጸረ ፈንገስ መድኃኒት በቅባት ቅንጣቶች ተሸፍኖ የተዘጋጀ ነው። በደም ሥር ይሰጣል፤ ከአንቲሞኒው በጣም ያነሰ ጉዳት ያደርሳል። በሕንድ ተካሂዶ በ2010 የታተመ ሙከራ በኪሎ 10 ሚሊግራም የሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መጠን ከመቶ 95 የሚሆኑትን እንደሚያድን አሳየ። ሕመምተኛው በጠዋት ገብቶ በማግስቱ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ሕክምና ለቆላው ሠራተኛ ከሁሉ የሚመረጥ ስለሆነ በኢትዮጵያና በሱዳን ተፈተነ።

ውጤቱ የፓሮሞማይሲንን ትምህርት ደገመ። በስድስተኛው ወር ሲለካ 7.5 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ከተሰጣቸው ከመቶ 40፣ 10 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ከተሰጣቸው ከመቶ 58 ብቻ ዳኑ። በሰባት ጊዜ በ3 ሚሊግራም የተከፋፈለው መጠን ግን ከመቶ 85 አዳነ። የአንድ ቀን ሕክምናው በቂ አለመሆኑ ግልጽ ስለሆነ ሙከራው አስቀድሞ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ፤ ያልዳኑት ሕሙማንም ሌላ ሕክምና ተሰጣቸው። ጥናቱ በ2014 ሲታተም ለሕክምና መመሪያ አውጪዎች ያስተላለፈው መልእክት ቀጥተኛ ነበር፤ በሕንድ የተገኘውን የአንድ ቀን ሕክምና ሳይፈትኑ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ማምጣት ብዙ ሰው ሳይድን ወደ ቤቱ እንዲመለስ ያደርጋል። አለመሳካቱን በቅንነት ያሳየ ሙከራ ከተሳካው ያልተናነሰ ጥቅም የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ኤችአይቪና ካላ አዛር

የመጀመሪያዎቹ የሊፕ ሙከራዎች ያተኮሩት ኤችአይቪ በሌለባቸው ሕሙማን ላይ ነበር። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ግን ቤተሰብን ጥሎ በወራት ጉልበት ሥራ የሚኖር ወጣት ሁለቱንም በሽታ በአንድ ላይ የመያዝ አጋጣሚው ሰፊ ስለነበር፣ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ የሚደረቡበት መጠን በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ከፍተኛዎቹ ውስጥ ሆነ። ሁለቱ በሽታዎች አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ። ኤችአይቪ የሰውነት መከላከያውን ስለሚያደክም ካላ አዛሩ ደጋግሞ ያገረሻል፤ አንቲሞኒው ደግሞ ለእነዚህ ሕሙማን ከበሽታው በማይተናነስ መልኩ አደገኛ ነው።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኤርሚያስ ዲሮ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በቤልጂየም አንትወርፕ ከሚገኘው የሐሩር ክልል ሕክምና ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር በሁለት መንገድ ጥናት አካሄዱ። አንደኛው ካላ አዛሩ ከታከመ በኋላ ፔንታሚዲን በየወሩ እየሰጡ ማገርሸትን መከላከል ይቻል እንደሆነ ያጠና ነበር። ሁለተኛው በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደ ክሊኒካዊ ሙከራ ሲሆን አምቢዞምን ብቻውንና አምቢዞምን ከሚልቴፎሲን ጋር አወዳደረ። በመጀመሪያው ዙር ተውሳኩ ያልጠፋላቸው ሕሙማን ሕክምናቸው ተራዝሞ በ58ኛው ቀን ሲለካ ጥምሩን ከወሰዱት ከመቶ 88፣ አምቢዞም ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 55 ጥገኛ ተውሳኩ ከሰውነታቸው ጠፍቶ ተገኘ። ጥናቱ በ2019 ታተመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ሁለቱም በሽታዎች ላሉባቸው የምሥራቅ አፍሪካ ሕሙማን ይኸው የአምቢዞምና የሚልቴፎሲን ጥምር እንዲሰጥ መከረ። ያን ያህል ሕሙማን በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ማግኘት አስቸጋሪ ስለነበር፣ ይህ ማስረጃ ከሌላ ቦታ በቀላሉ ሊመጣ የሚችል አልነበረም።

ወደ 14 ቀን

የ17 ቀኑ ጥምር ሕክምናውን ቢያሳጥርም አንቲሞኒውን አላስቀረም። ሕመምተኛው በየቀኑ ሁለት መርፌ ይወጋል፤ የልብ ጉዳት ሥጋቱም አለ። በ2018 በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተጀመረው ሙከራ አንቲሞኒውን በሚልቴፎሲን ተካ። ፓሮሞማይሲን በመርፌ፣ ሚልቴፎሲን በአፍ ለ14 ቀን ይሰጣሉ። 439 ሕሙማን የተሳተፉበት ይህ ሙከራ በስድስተኛው ወር ሲለካ አዲሱ ጥምር ከመቶ 91.2፣ የ17 ቀኑ ደግሞ ከመቶ 91.8 ማዳናቸውን አሳየ። ሕመምተኛው በየቀኑ አንድ መርፌ፣ በጠቅላላው ደግሞ ሦስት የሕክምና ቀናት ቀነሱለት። ከካላ አዛር በኋላ ፊትና ገላ ላይ የሚወጣው ሽፍታም አዲሱ ጥምር በተሰጣቸው ዘንድ ያነሰ ነበር። ሽፍታው ተውሳክ የሚገኝበት በመሆኑ የአሸዋ ዝንቧን መልሶ ሊበክል ይችላል፤ ስለዚህ መቀነሱ በሽታውን ለማጥፋት ለሚደረገው ጥረትም ይጠቅማል።

ሚልቴፎሲን ጽንስን የሚጎዳ መሆኑ ግን ለመውለድ በደረሱ ሴቶች ዘንድ አሁንም ገደብ ነው፤ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት የወሊድ መከላከያ መጠቀም አለባት። መርፌው ጨርሶ እንዲቀር፣ ሕክምናውም በጤና ጣቢያ በክኒን ብቻ እንዲሰጥ የሚያስችሉ አዳዲስ መድኃኒቶች በመፈተን ላይ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ኖቫርቲስና ዲኤንዲአይ የሚያዘጋጁት ኤልኤክስኢ 408 የተሰኘው የክኒን መድኃኒት ነው።

ሙከራው ለሆስፒታሉ የጨመረው

የምርምር ማዕከሉ ከሙከራ ውጪ የሚመጣውን ሕመምተኛ ሁሉ ያክማል። ከካላ አዛር ጎን ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ ሌይሽማኒያሲስም ይመለከታል። ቁንጭርን የሚያመጣው ሌይሽማኒያ ኤትዮፒካ የተባለ ሌላ ተውሳክ ሲሆን በደጋ ገደላ ገደል የሚኖረው ሽኮኮ ይሸከመዋል። በሽታው ሰው ባይገድልም ፊትን ያበላሻል፤ ለእርሱም የተረጋገጠ መድኃኒት እጥረት ስላለ በጎንደር እየተጠና ነው።

ሙከራዎቹ ለሆስፒታሉ ያተረፉት ከታተሙት ጽሑፎች በላይ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ተውሳክ በማይክሮስኮፕ በቁጥር ደረጃ መመደብን፣ ነርሶች የመድኃኒት ጉዳትን በየሰዓቱ መመዝገብን፣ ሐኪሞች አንድን ሕክምና በልማድ ሳይሆን በተመዘገበ ውጤት መምረጥን ተለማምደዋል። ይህ ችሎታ በአንድ ፕሮጀክት ማብቃት የሚጠፋ አይደለም፤ ለተማሪው ይተላለፋል፣ ለሌላ በሽታ ምርምርም ይውላል።

ሥራው ሁልጊዜ በእርጋታ አልተካሄደም። በ2020 የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት በሁመራና በሌሎች አካባቢዎች የካላ አዛር ሕክምናን አስተጓጉሎታል፤ ሕመምተኛ ከቆላ ወደ ሆስፒታል የሚደርስበት መንገድም ተዘግቶ ያውቃል። የአሸዋ ዝንቧን መከላከያ፣ ለቀን ሠራተኛው የሚሆን አጎበርና መጠለያ፣ በቅርብ የሚገኝ ምርመራ ገና በበቂ ሁኔታ አልተዳረሱም። ሕክምናን ማሳጠር በሽታውን ከምንጩ አያደርቀውም። ሆኖም በየዓመቱ ወደ ሰሊጡ ለሚወርደው ገበሬ ዛሬ የሚሰጠው ሕክምና በራሱ አገር፣ በራሱ ዓይነት ሕሙማን ላይ የተመዘነ ነው። ለዚህም ማስረጃውን የሰጡት መድኃኒቱ እንደሚያድን ሳይታወቅ ለሙከራ የፈቀዱና ከስድስት ወር በኋላ ቀጠሯቸውን አክብረው የተመለሱ ድሆች ገበሬዎችና ቀን ሠራተኞች ናቸው።